ከጉማራ አሸዋ ወርቅ ይታጠባል ወይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረውም የምሠራውም ባሕር ዳር ነው። ቅዳሜና እሑድ ከቤት ወጥቼ የምውልበት ነገር ስፈልግ ወርቅ ፍለጋን እንደ ትርፍ ጊዜ መዝናኛ ልጀምር አሰብሁ። ባለፈው ጥር ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄጄ ሳለ በጉማራ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ቢጫ ብልጭታ አይቼ በፌስታል ይዤ መጥቻለሁ። አንድ ወዳጄ ከውጭ አገር ሜታል ዲቴክተር ሊያስመጣልኝ ዝግጁ ነው። አባይ ወደ ቤኒሻንጉል ሲወርድ ወርቅ ይዞ እንደሚሄድ የታወቀ ስለሆነ፣ ምንጩ ከዚሁ ከጣና ዙሪያ መሆኑ አይቀርም፤ ግዮንም በመጽሐፍ ቅዱስ የወርቅ ወንዝ ተብሏል። ከየት ልጀምር? ምን ልግዛ? ፈቃድስ ያስፈልገኛል?»

ምላሽ፦ በፌስታል የያዙት ነገር ወርቅ አይደለም። አሸዋውን ሳላየው ይህን ለማለት የምደፍረው ያነሡበትን ቦታ ስለነገሩኝ ነው። ወርቅ ፈላጊ በመጀመሪያ የሚመለከተው አሸዋው ውስጥ የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን አሸዋው የመጣበትን ተራራ ነው። ጉማራ ከጉና የሚወርድ ወንዝ ሲሆን ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ስለዚህ ወንዙ ተሸክሞ የሚያመጣው በሙሉ የላቫና የእሳተ ገሞራ አመድ ስብርባሪ ነው። ርብም ከዚያው ከጉና፣ መገጭ ከጎንደር ዙሪያ፣ ግልገል አባይ ከሰከላ ቢመጡም ሦስቱም የሚያጥቡት ዐለት የአንድ ቤተሰብ ዐለት ነው። ባሕር ዳር ከተማም የተቆረቆረችው ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ በሚያንስ ባሳልት ላይ ነው፤ ለቤት መሠረት ሲቆፈር የሚወጣውን ፊኛ ፊኛ ያለበት ጥቁር ድንጋይ የማያውቅ የከተማዋ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም።

የኢትዮጵያ ወርቅ መኖሪያው ሌላ ነው። አሶሳና መተከል፣ ምዕራብ ወለጋ፣ አዶላና ለገደንቢ፣ ሰሜን ምዕራብ ትግራይ ካርታ ላይ እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፦ ከ540 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ በሙቀትና በግፊት ታሽቶ የተለወጠ ጥንታዊ መሠረታዊ ዐለት በእነዚህ ቦታዎች ከላይ የሸፈነው ተጠርጎለት ለፀሐይ ተጋልጧል። ወርቁ በዚያ ዐለት ስንጥቆች ውስጥ ጥልቅ ከሆነ የመሬት ሆድ በወጣ ትኩስ ውሃ አማካይነት ከነጭ ኳርትዝ ጋር ተቀመጠ፤ ከዚያ ዐለቱ ሲበሰብስ ነጻ ወጥቶ በጅረቶች ደለል ውስጥ ተከማቸ። በጣና ዙሪያም እንዲህ ያለ ጥንታዊ ዐለት ከሥር ሳይኖር አይቀርም፤ ነገር ግን በላዩ ላይ መጀመሪያ የአሸዋና የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ፣ በአንዳንድ የሰሜን ምዕራብ አምባ ክፍሎች ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የላቫ ድርብርብ ተጭኖታል። ይህን ሽፋን በአካፋም በጉድጓድም ማለፍ አይታሰብም፤ ጅረቶቹም ገና አልደረሱበትም።

ስለ አባይ ያነሡት ሐሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ስላለ ሰፋ አድርጌ ላብራራው። አባይ ከሐይቁ የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ነው። ጢስ አባይን አልፎ ጎጃምን በደቡብ ምሥራቅ በኩል ዞሮ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ቤኒሻንጉል ይወርዳል። በጥንታዊው ዐለት ላይ የሚሄደው በዚያ በታችኛው ክፍሉ ሲሆን ከወለጋና ከአሶሳ በኩል የሚመጡት ዲዴሳና ዳቡስም እንዲሁ በዚያው ዐለት ላይ የሚያልፉ ወንዞች ናቸው። የቤኒሻንጉል ወርቅ የቤኒሻንጉል ነው፤ ከቅርብ ኮረብታ ወርዶ ቅርብ ጅረት ውስጥ የተኛ ነው እንጂ ከሩቅ የመጣ እንግዳ አይደለም። ወርቅ ደግሞ ከውሃ 19 እጥፍ የሚከብድ በመሆኑ ሩቅ መንገድ አይወድም፤ ፍሰቱ ሲደክም ቀድሞ የሚሰምጠው እርሱ ነው። ከዚህ በላይ ግን የሚረሳ አንድ ቀላል ነገር አለ፦ ጣና ራሱ ትልቅ ማጥለያ ነው። ጉማራና ርብ በክረምት እንደ ጭቃ ደፍርሰው ፎገራ ላይ ሐይቁን ይገባሉ፤ አሸዋቸውን እዚያው አፋቸው ላይ ያራግፉታል። ስለዚህ ጉማራ ወርቅ ቢኖረው እንኳ ወርቁ ሐይቁ ግርጌ ይቀር ነበር እንጂ አሶሳ ባልደረሰ። የመጽሐፉን ነገር በተመለከተም፣ ኦሪት ዘፍጥረት የወርቅ ምድርን ይከብባል የሚለው ፊሶንን ሲሆን ምድሩም ኤውላጥ ነው፤ ግዮን ይከብበዋል የተባለው የኢትዮጵያ ምድር በዚያ ስፍራ በወርቅ አልተነሣም። ይህን የምጠቅሰው ለትርጓሜ ክርክር ሳይሆን የማዕድን ፍለጋ ካርታ ተደርጎ ሲጠቀስ በተደጋጋሚ ስለምሰማ ነው።

«ትንሽም ቢሆን አይጠፋም» የሚል ሰው አለ፤ በአንድ በኩል እውነቱን ነው። የምድር ቅርፊት በአማካይ በ1 ቶን ውስጥ 4 ሚሊግራም ያህል ወርቅ አለው፤ ባሳልትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሒሳቡን ሲሠሩት ግን 1 ግራም ወርቅ የሚገኘው ከ250 ቶን ድንጋይ ነው። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ወደ 25 ቶን አሸዋ ይይዛል ብንል 10 ሲኖትራክ ሙሉ ማለት ነው፤ ያውም አንዲት ቅንጣት ሳትጠፋ። ያ ወርቅ ደግሞ በዐይን የሚታይ፣ በውሃ የሚታጠብ ቅንጣት ሆኖ የተቀመጠ ሳይሆን በማዕድናቱ ውስጥ ተበትኖ የተቆለፈ ነው። በሌላ በኩል በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ወርቅ ፈጽሞ አይገኝም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ፍል ውሃ ወደ መሬት ገጽ ሲቀርብ ወርቅ የሚያስቀምጥበት ሁኔታ አለ፤ በአፋር ስምጥ ሸለቆ ለዚህ ዓይነት ወርቅ ፍለጋ ተካሂዷል። ሆኖም ይህ ወርቅ ብዙውን ጊዜ በማጉያ መነጽር እንኳ የማይታይ ደቃቅ በመሆኑ የላቦራቶሪና የቁፋሮ ማሽን ሥራ እንጂ የቅዳሜ መዝናኛ አይሆንም። ወንዛዬ ፍል ውሃ ስላለ ወርቅም አለ ብሎ መደምደም አይቻልም።

ታዲያ ያዩት ምንድን ነው? ከሦስት ነገሮች አንዱ እንደሆነ እገምታለሁ። አንደኛው ባሳልት ውስጥ የሚገኘው ፕላጂዮክሌዝ ፌልድስፓር ነው፤ እንደ መስታወት ስብርባሪ ጠፍጣፋ ገጽ ስላለው ፀሐይ ሲያርፍበት ይበርቃል፣ በብረት ዝገት ሲለበስ ደግሞ ቢጫ ይመስላል። ሁለተኛው ኦሊቪን የተባለው አረንጓዴ ማዕድን አርጅቶ ወደ ቀላ ያለ ወርቃማ ቡና ዓይነት ቀለም ሲለወጥ የሚሰጠው ብልጭታ ነው። ሦስተኛው ማይካ ሲሆን ከጉና ነጣ ያሉ ዐለቶች ሊመጣ ይችላል። ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ቅንጣቱን በመዳፍዎ ይዘው ጥላ ውስጥ ይግቡና ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ ወርቅ በፀሐይም በጥላም፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ያው ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ሌላ ማዕድን ነው። ቀጥሎ በመርፌ ጫፍ ይጫኑት። ወርቅ እንደ እርሳስ ይጎደጉዳል፣ በመዶሻ ቢመቱትም ይጠፈጠፋል። ማይካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነባበራል፣ ፓይራይት (ወርቅ የሚመስለው የብረትና የድኝ ማዕድን) እና ፌልድስፓር ይፈረካከሳሉ። በናይትሪክ አሲድ እንዲሞክሩ የሚመክርዎ ሰው ቢኖር አይስሙት፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ለዚህ ጥያቄም መርፌው ይበቃል።

ሜታል ዲቴክተሩን አያስመጡ። ከሕጉ በፊት የሥራውን ጠባይ ልንገርዎት። ዲቴክተር የሚያገኘው በዐይን በደንብ የሚታይ ቁራጭ ወርቅን ነው፤ የወንዝ ዱቄት ወርቅ አይሰማውም። ባሳልት ደግሞ ማግኔት በሚስበው የብረት ማዕድን፣ በማግኔታይት፣ የተሞላ በመሆኑ መሣሪያው በየድንጋዩ ላይ ይጮኻል። የመስማት ኃይሉን ሲቀንሱለት ብረትንም ወርቅንም መስማት ያቆማል። ጣና ዳር በዲቴክተር ወርቅ መፈለግ «ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ነው፤ እንቦጭ ደግሞ ሐይቃችን ላይ ከበቂ በላይ አለ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሚቆፍሩበት ቦታ ነው። የጣና ዳርቻና ደሴቶች ከክብራን ገብርኤል እስከ ዳጋ እስጢፋኖስ የገዳማትና የጥንት ሠፈራዎች አገር ናቸው። ዲቴክተርዎ ወርቅ ባያገኝ እንኳ የድሮ ሳንቲም፣ የመስቀል ስባሪ ወይም የጦር ጫፍ ሊያገኝ ይችላል፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ መፈለግ የተከለከለ ሲሆን በአጋጣሚ ያገኘም ማሳወቅ አለበት። መሣሪያ ተሸክሞ በገዳም አጥር ሥር የሚንጎራደድን ሰው የአካባቢው ሕዝብ የሚያየው እንደ ሀብት ዘራፊ ነው፤ ልክም ነው።

ወደ ፈቃዱ ስንመጣ፣ በአገራችን ሕግ «የመዝናኛ ወርቅ ፍለጋ» የሚባል ነገር የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የሚያውቃቸው ፈቃዶችም የቅኝት፣ የምርመራ፣ የይዞታ ማቆያ እና በየደረጃው ያሉ የማምረት ፈቃዶች ናቸው። ከእነዚህ ለአንድ ግለሰብ የሚቀርበው የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ ሲሆን የሚሰጠውም በክልል ነው። ፈቃዱ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተፈቀደ፣ በአብዛኛው በእጅ ለሚሠራ ሥራ የታሰበ ነው። በሌሎች አገሮች ቱሪስት ሳይቀር ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ሲያጥብ በቪዲዮ አይተው ከሆነ፣ እነዚያ አገሮች ለዚሁ ብለው የከለሏቸው ወንዞች እንዳሏቸው ይረዱ። እኛ ዘንድ «ለመዝናናት ነው» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። የወንዝ ዳር መሬትም ባለይዞታ ገበሬ አለው፤ በጉማራና በርብ ዳር በአሸዋ ቁፋሮ ምክንያት ማሳው እየተናደ ያስቸገረው ገበሬ አካፋ የያዘ የከተማ ሰው ሲያይ የሚቀበለው በፈገግታ አይሆንም። የጣና ዙሪያ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል መሆኑንም ያስቡ።

እስካሁን የከለከልሁት ስለበዛ የሚቻለውን ልንገርዎት፤ የሚቻለው ከሚያስቡት በላይ አስደሳች ነው። ወርቅ ፍለጋ በመጀመሪያ የእጅ ሙያ ነው። ይህን ሙያ ለመማር ወርቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከባድና ቀላል ነገር የተቀላቀለበት አሸዋ ነው። ጣና ዳር ያለው አሸዋ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም የባሳልት አሸዋ በማግኔታይት ጥቁር አሸዋ የበለጸገ ሲሆን ጥቁር አሸዋን ከተራው አሸዋ መለየት የቻለ እጅ ወርቅንም ይለያል። አሸዋውን ከወንዝ መቆፈር አይጠበቅብዎትም። ባሕር ዳር ውስጥ ቤት የሚሠራ ጎረቤት አይጠፋም፤ ከተራገፈው የግንባታ አሸዋ አንድ ባልዲ በፈቃዱ ይውሰዱ። ሕግም ገበሬም ቢልሃርዝያም የማያገኝዎት መማሪያ ቦታ የራስዎ ጓሮ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የምዕራብ ኢትዮጵያ ባህላዊ አምራቾች ለማጠቢያ የሚጠቀሙት ጎድጎድ ያለ የእንጨት ገበቴ ነው፤ እርስዎ ግን ግርጌው ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ዘመም ያለ ጥቁር ወይም አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳፋ ይበቃዎታል፤ በጥቁር ላይ ቢጫ ይለያል። አዲስ ሳፋ ላዩ ቅባት ስላለው በአሸዋና በሳሙና ፈትገው እስኪሻክር ይጠቡት። ከዚያ አሸዋውን በወንፊት ነፍተው ሳፋውን እስከ እኩሌታው ይሙሉት፤ ውሃ በተሞላ ትልቅ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ነክረው የጭቃ ጓል እስኪጠፋ ድረስ በእጅዎ ይሹት። ቀጥሎ ሳፋውን ከውሃው ሥር እንደያዙ ግራና ቀኝ ፈጠን አድርገው ያንቀጥቅጡት። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከባዱ ወደ ግርጌ የሚወርደው በመንቀጥቀጥ ነው እንጂ በማፍሰስ አይደለም። ብዙ ጀማሪ በቂ ሳያንቀጠቅጥ ማፍሰስ ይጀምርና ወርቁን ከአሸዋው ጋር ይደፋዋል። ግርጌው ረጋ ሲል ሳፋውን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ውሃው ከላይ ያለውን ስስ ድርብ ብቻ እየላሰ እንዲወስድ ያድርጉ፤ አሥር ጊዜ ካፈሰሱ በኋላ ደግመው ያንቀጥቅጡ፤ እንዲሁ እየደጋገሙ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ጥቁር አሸዋ እስኪቀር ይቀጥሉ። እናትዎ ወይም ባለቤትዎ በሰፌድ ሲያንገዋልሉ አይተው ከሆነ እጅዎ ነገሩን ያውቀዋል፤ ሰፌዱ ላይ ጠጠሩ ወደ አንድ ጥግ የሚሰበሰበው በዚሁ ሕግ ነው። በእኔ ልምድ ያለ ብዙ ትምህርት ቶሎ የሚለምዱት ማንገዋለል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ጥቁሩ አሸዋ ሲቀር ጥቂት ውሃ ጨምረው ሳፋውን ቀስ አድርገው ያሽከርክሩት፤ አሸዋው እንደ ኮሜት ጅራት ይዘረጋል፣ ከሁሉ የሚከብደው ከጅራቱ ኋላ ብቻውን ይቀራል። በማግኔት ማግኔታይቱን ማውጣት ይቻላል፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለው ይጠቀሙ፤ ፌስታሉን ሲገለብጡት አሸዋው ይረግፋል። ካልጠቀለሉት ግን ማግኔቱን ለማጽዳት ግማሽ ቀን ይፈጅብዎታል።

ችሎታዎን የሚለኩት በእርሳስ ነው፤ ወረቀት ላይ የሚጽፈውን ማለቴ ሳይሆን አሣ አጥማጆች መረብና መንጠቆ ላይ የሚያስሩትን ለስላሳ ብረት ማለቴ ነው። ከውሃ 11 እጥፍ ስለሚከብድ የወርቅን ጠባይ በመጠኑ ያስመስላል፤ በእርሳስ የተሳካለት በወርቅ ይበልጥ ይሳካለታል። በቢላ ከጤፍ ከፍ፣ ከምስር ዝቅ ባለ ልክ 20 ቅንጣት ይቁረጡ፣ በመዶሻ ጠፍጥፈው አሸዋው ውስጥ ይቀላቅሉ፣ ከዚያ አጥበው ያገኙትን ይቁጠሩ። እኔ በተማሪነቴ መጀመሪያ የሞከርሁ ዕለት ያገኘሁት 7 ነበር፤ ቀሪዎቹን 13 ፍለጋ የደፋሁትን አሸዋ ስለቅም አመሸሁ። ስለዚህ የሚያፈስሱትን ሁሉ ሌላ ዕቃ ውስጥ ያጠራቅሙ እንጂ መሬት ላይ አይድፉት። በሦስት ተከታታይ ሙከራ ከ20ው 18 እና ከዚያ በላይ እስካላገኙ ድረስ የትም ለመሄድ አያስቡ። እርሳስ መርዝነት ስላለው ከጨረሱ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ልጆች እንዲነኩት አይፍቀዱ፣ ቅንጣቶቹንም መልሰው ያስቀምጡ።

ወንዝ ዳር ሄደው ቢያንስ ለማየት መፈለግዎ አይቀርም፤ ማየትም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የሙያው ሁለተኛ ግማሽ ወንዝ ማንበብ ነው። ከጥቅምት በኋላ ውሃው ሲጎድል ይሂዱ። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ የውስጠኛው ዳር፣ ከትላልቅ ድንጋዮች ኋላ ያለው ጸጥ ያለ ቦታ፣ ውሃው ወርዶ ሜዳ ሲይዝ የሚያርፍበት፣ በዐለት ወለል ላይ ያሉ ስንጥቆች፣ እነዚህ ሁሉ ከባድ ነገር የሚሰበሰብባቸው ወጥመዶች ናቸው። ጥቁሩ አሸዋ በደረቅ ወንዝ ውስጥ እንደ ቅንድብ በቀጭን ቅስት ተኝቶ ያገኙታል፤ እርሱ ያለበትን መገመት ሲችሉ ሌላ አገር ሄደው የወርቁን ቦታ ይገምታሉ። ነገር ግን ባዶ እግርዎን ውሃ ውስጥ አይግቡ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቆሰለ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ወርቅ አጣቢ ደግሞ ሰዓታት ውሃ ውስጥ የሚቆም ሰው ነው። የጎማ ቦቲ ያድርጉ፤ ገብተው ከነበረም ሐኪም ጠይቀው ይመርመሩ፣ በፕራዚኳንቴል ይታከማል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ማለዳና ማታ ጉማሬ ወደ ሣር እንደሚወጣ የከተማው ሰው ስለሚያውቅ አላረዝመውም።

እውነተኛ ወርቅ በእጅዎ ማጠብ ከፈለጉ መንገዱ ወደ ምዕራብ ነው፣ የሚሄዱትም እንደ እንግዳ እንጂ እንደ ፈላጊ አይደለም። ፈቃድ ያለው የባህላዊ አምራቾች ማኅበር ዘንድ፣ በሚያውቅዎ የአካባቢው ሰው በኩል፣ በወረዳው የማዕድን ጽሕፈት ቤት ዕውቅና ይሂዱ፤ የመንገዱንና የቦታውን ፀጥታ በዚያው ሳምንት ሳያጣሩ ግን ከባሕር ዳር አይነሡ። እዚያ ሲደርሱ ሁለት ነገር አይድፈሩ። አንደኛው በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ነው፤ ድጋፍ የሌለው የደለል ጉድጓድ ሲናድ አያስጠነቅቅም፣ ለማውጣትም ጊዜ አይሰጥም። ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው፣ በአማርኛ ባዜቃ የምንለው። ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ ይቀላቅሉትና በእሳት ያተኑታል፤ ትነቱ ሽታ የለውም፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጽንስንም ይጎዳል፣ የተነነውም ጠፍቶ አይቀርም፤ ጅረት ውስጥ ወርዶ አሣ ውስጥ ይገባል። ሜርኩሪ በሚተንበት ቦታ ከነፋሱ በታች አይቁሙ፤ ለራስዎ ልምምድ ደግሞ በጭራሽ አይግዙ። ለጥቂት ቅንጣት ማግኔትና ትዕግሥት ይበቃል። ደቃቅ ወርቅ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ካስቸገረዎ በሳፋው ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያሰምጠዋል፤ ይህንም ጓሮዎ ውስጥ እንጂ ጅረት ውስጥ አያድርጉ። እዚያ ያጠቡትም ወርቅ ቢሆን የባለፈቃዱ ምርት ነው፤ የሚሸጠውም በሕጋዊ መንገድ ብቻ ነው። በኪስ ይዞ መመለስ እንደ ማስታወሻ አይቆጠርም።

በዚሁ መንገድ ላይ «ከመተከል የመጣ ነው፣ ዋጋው ለወንድም ነው» እያለ በብልቃጥ የሚያሳይ ሰው አይጠፋም። ያለ ፈቃድ መግዛቱ ሕገ ወጥ መሆኑ ሳያንስ ብዙ ጊዜ የነሐስ ብናኝ ነው። ልዩነቱን የወርቅ ሠሪ ሚዛን ያወጣዋል። 10 ግራም የሚመዝን ቁራጭ በክር ታስሮ ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል፣ የተፈጥሮ ወርቅ ከሆነ ከክብደቱ ከግማሽ ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ይቀንሳል፤ ነሐስ ከሆነ 1.2 ግራም ያህል ይቀንሳል። ይህን የምጽፈው እንዲገዙ ሳይሆን «ሚዛን ላይ እንየው» ሲባል ሰውየው የሚሰጠውን መልስ እንዲያዩ ነው።

የልብዎ ፍላጎት ማግኘቱ ራሱ ከሆነ ግን ጣና ዳር ባዶ አገር አይደለም። የባሳልት ላቫ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የቀሩት የጋዝ ፊኛዎች ከጊዜ በኋላ ካልሴዶኒ፣ ካልሳይትና ዚኦላይት በተባሉ ማዕድናት ይሞላሉ። ከውጭ ሲታይ እንቁላል የሚያህል ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ሲሰበር ውስጡ ነጭና ሰማያዊ ቀለበት፣ ወይም እንደ ጥጥ የተፈተለ የክሪስታል መርፌ ይገኝበታል። መንገድ ሲቆረጥና ለመሠረት ሲቆፈር የሚወጣ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ መነጽር አድርጎ በመዶሻ መፈለግ ወርቅን በማያገኙበት ቦታ ከመድከም እጅግ ይሻላል። ወሎ ውስጥ በደላንታ ወገልጤና የታወቀው ኦፓልም የተገኘው በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ነው፤ እርሱ ግን የከበረ ማዕድን ስለሆነ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ስለዚህ ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው፦ ለወዳጅዎ ዛሬውኑ ደውለው ዲቴክተሩን ያስቀሩት፤ ገንዘቡን አያውጡ። እስከ ሚያዝያ ድረስ የሚያስፈልግዎት አንድ ሳፋ፣ አንድ ወንፊት፣ ከስፒከር የወጣ ማግኔት፣ ባለ 10 እጥፍ የእጅ ማጉያ መነጽር እና 20 የእርሳስ ቅንጣት ብቻ ነው። ከወንዛዬ ያመጡትንም አሸዋ አይድፉት። መጀመሪያ በመርፌው ይፈትኑት፣ ቀጥሎ የመጀመሪያው ሳፋ አሸዋዎ እርሱ ይሁን፤ ጥቁሩን በማግኔት ለይተው በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው በመነጽር ሲያዩት፣ ከጉና የወረደው ምን ምን እንደሆነ እኔ ከጻፍሁት በተሻለ ያዩታል።